«ያው ነው» ስንል የምንሳሳታቸው፦ ስለ ድግምትና ሃይማኖት

ሰሞኑን ጎንደር አዲስ ዓለም ቡና እየጠጣን የአንዱ ጎረቤታችን ስልክ ጠፍቶ ወሬው ወደ ጠንቋይ ዞረ። «ጠንቋዩ ጋ ሂድ፣ ሌባውን በስሙ ያወጣልሃል» አለው አንዱ። ሌላው ደግሞ «ሼኹ ጋ ይሂድ እንጂ፣ ያው ነው» አለ።

ያው አይደለም። የመጀመሪያው ስህተት ይሄ ነው። በእስልምና ለታመመ ሰው ቁርኣን መቅራት ሩቃ ይባላል፤ ሽርክ (በአላህ ላይ ሌላ ማጋራት) እስከሌለበት ድረስ ነቢዩ ፈቅደውታል። ሲህር፣ ማለትም ድግምት፣ ግን ከሰባቱ አጥፊ ወንጀሎች አንዱ ነው፣ ያውም ከሽርክ ቀጥሎ የተጠራው። የጠፋ ዕቃ አወጣለሁ የሚል ሰውዬ ጥምጣም ስለጠመጠመ ሼኽ አይሆንም። በሐዲስ እንደተነገረው ጠንቋይ ጋ ሄዶ የጠየቀ ሰው የ40 ሌሊት ሶላቱ ተቀባይነት የለውም። ለአንድ ስልክ ብለህ 40 ሌሊት!

ሁለተኛው፣ «እኔ ለማስፈታት እንጂ ለማስደገም አልሄድኩም» የሚለው ነው። ይቺን ያልሰማ ጎንደሬ ያለ አይመስለኝም። አብዛኞቹ ዑለማዎች (የእስልምና ሊቃውንት) ድግምትን በድግምት መፍታትንም ይከለክላሉ። ኦሪትም ቢሆን ዘዳግም 18 ላይ ሟርተኛውን፣ አስማተኛውን፣ ሙታን ጠሪውን አንድ በአንድ ሲቆጥር «ለደግ ነገር ከሆነ ግን» የሚል ቀዳዳ አልተወም። ንጉሥ ሳኦልን እይ። ጠንቋዮቹን ከአገር ያባረረው ራሱ ነበር፤ ፍልስጥኤማውያን ሲያስጨንቁት ግን ልብሱን ለውጦ በሌሊት ዓይንዶር ወዳለችው ሴት ሄደ። ማንንም ሊጎዳ አልሄደም፣ ምክር ብቻ ነበር የፈለገው። ተወቀሰበት።

ሦስተኛው «የተከለከለው ስለሚሠራ ነው» ማለት ነው። ሁሉም እንዲያ አያምንም። የ12ኛው መቶ ዘመን አይሁዳዊ ሊቅ ሙሴ ማይሞኒደስ ነገሩ ሁሉ ውሸትና ከንቱ ነው ብሎ ነው የሚከለክለው። ቁርኣንም የፈርዖን ድግምተኞች የሰዉን ዓይን እንደደገሙበት፣ ማለትም ዓይኑን እንዳታለሉት፣ ይናገራል።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። ዘፀአት 22፥18 መተተኛን በሕይወት አትተው ይላል፤ ይህን ጥቅስ እየጠቀሰ ባለ እጁን ቡዳ የሚል ሰው አጋጥሞኛል። ጥቅሱ የሚናገረው ስለሠራ ሰው ነው፣ ስለ ዘር አይደለም። ለመንደር ወሬም አልተተወም፤ በአይሁድ ሕግ ለሞት ፍርድ ሁለት ምስክርና አስቀድሞ የተሰጠ ማስጠንቀቂያ ያስፈልግ ነበር። ብረት የቀጠቀጠ፣ ሸክላ የሠራ ሰው መተተኛ ነው የሚል ኦሪት ውስጥ የለም። የሚገርመው ደግሞ ከከተማው ወጣ ብላ ባለችው ወለቃ ቡዳ ሲባሉ የኖሩት ቤተ እስራኤሎች (የኢትዮጵያ አይሁዶች) ጥንቆላን በሚከለክለው በዚያው ኦሪት የሚኖሩ ሰዎች ነበሩ።

አያቴ ምጣዷንም ጀበናዋንም የምትገዛው ከነሱ ነበር። ገበያ ላይ ግን «ዓይናቸው ይበላል» እያለች እኛን ልጆቹን በነጠላዋ ትሸፍነን ነበር። በዚያ ምጣድ የጋገረችውን እንጀራ ስታበላን ግን አንድም ቀን ፈርታ አታውቅም።