ልጃችሁን ኮሌጅ ከማስመዝገባችሁ በፊት ሒሳቡን ሥሩት

ፒያሳና አራት ኪሎ ዙሪያ የግል ኮሌጅ ስትጠይቁ ቀድመው የሚነግሯችሁ የአንድ ክሬዲት (የትምህርቱ መጠን መለኪያ) ዋጋ ነው። እሱን ብቻ ይዛችሁ አትመለሱ። ክሬዲቱ 1,000 ብር፣ ፕሮግራሙ 140 ክሬዲት ቢሆን 140,000 ብር ነው፤ የየሴሚስተሩ መመዝገቢያና የታክሲው ገና አልገባበትም። ዋጋ ቢጨመር ነባር ተማሪን ይነካል ወይ? መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ።

«50 በመቶ ነፃ» ሲሏችሁ ከምኑ ላይ እንደሆነ ጠይቁ። ቅናሹ ከ4 ላይ 3.5 አማካይ ነጥብ የሚጠይቅ ከሆነና ልጅቷ 3.4 ብታመጣ በሚቀጥለው ሴሚስተር ሙሉውን ትከፍላላችሁ። ብዙ ቤት የሚናጋው እዚህ ጋ ነው።

ፈቃዱን ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አጣሩ፤ የኮሌጁን ስም ሳይሆን የመረጠችውን ፕሮግራምና ካምፓስ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በዲግሪ ለመመረቅ የሚፈተኑት የመውጫ ፈተና አለ፣ ማለፊያው 50 በመቶ ነው፤ ከዚያው የትምህርት ክፍል ስንት ተፈትኖ ስንት እንዳለፈ ይንገሯችሁ። ቁጥሩን ከደበቁ ሌላ በር አንኳኩ።