በጎጃም የምግብ ምህንድስና ማስተርስ ለመማር፦ ከማመልከቻው እስከ ቴሲሱ

የምግብ ምህንድስና ከምግብ ሳይንስ የሚለየው በጥያቄው ነው። ሳይንሱ ድንቹ ውስጥ ምን እንዳለ ይመረምራል። ምህንድስናው ያንኑ ድንች በቀን አንድ ኩንታል ለማድረቅ ስንት ውሃ መውጣት እንዳለበት፣ ስንት ሙቀት እንደሚበላና ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ያሰላል። ይህን ልዩነት ሳይጨብጡ የሚገቡ ተማሪዎች ሁለተኛው ዓመት ላይ ቴሲሳቸው (የመመረቂያ ጥናታቸው) የላብራቶሪ ውጤት ዝርዝር ብቻ ሆኖ ይቀርባቸዋል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በሁሉም ሥራ ላይ ሦስት ነገር ጻፉ፦ ምን ያህል ገባ፣ ምን ያህል ወጣ፣ የጎደለው የት ደረሰ።

ከመመዝገብ በፊት

በአካባቢው ይህን ትምህርት የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲን ነው። የኬሚካልና የምግብ ምህንድስና ፋኩልቲው በቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ሥር ነው፤ ከተሜው ግቢውን «ፖሊ» ይለዋል፣ በፈረንጆቹ 1963 ከተከፈተው ፖሊ ቴክኒክ የቀረ ስም ነው። ለማመልከት ብሔራዊውን የድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ማለፍ ያስፈልጋል። ወረቀቱን ግን ከፈተናው በፊት ጀምሩት። ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ከተመረቃችሁበት ሬጅስትራር በቀጥታ ወደምትገቡበት እንዲላክ ማድረግ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል፤ የወጪ መጋራት ያልዘጋ ሰው ደግሞ እዚያው ላይ ሊያዝ ይችላል። የሚያስተምራችሁ መሥሪያ ቤት ከሆነ የስፖንሰር ደብዳቤው ላይ ክፍያው ለስንት ዓመት እንደሆነና ደመወዙ መቀጠል አለመቀጠሉ በግልጽ ይስፈር። «እንተባበራለን» የሚል ደብዳቤ ምዝገባው ቀን ላይ አያድንም።

ከምግብ ሳይንስ ወይም ከግብርና የመጣ ሰው ክረምቱን በሂት ትራንስፈር፣ በማስ ትራንስፈር፣ በፍሉድ ሜካኒክስና በዲፈረንሻል ኢኩዌሽን ላይ ያሳልፍ። ከኬሚካል ምህንድስና የመጣው ደግሞ የምግብ ኬሚስትሪና ማይክሮባዮሎጂ ይጎድለዋል፤ ይሄኛው ጉድለት ቶሎ ይሞላል።

ራሳችሁን በዚህ ፈትኑ። ከአዊ የመጣ 100 ኪሎ ድንች 80 በመቶው ውሃ ነው። 8 በመቶ ውሃ እስኪቀረው ቢደርቅ ስንት ኪሎ ውሃ ይወጣል? ብዙ ሰው 80 ሲቀነስ 8 ብሎ 72 ይላል። ስሕተት ነው፤ 8 በመቶው የሚቆጠረው ከደረቀው ድንች ክብደት ነው እንጂ ከመጀመሪያው መቶ ኪሎ አይደለም። የማይለወጠው ደረቁ ክፍል 20 ኪሎ ነው። እሱ አሁን 92 በመቶ ሆኗል፤ 20 ለ0.92 ሲካፈል 21.7 ኪሎ ደረቅ ድንች ይሰጣል። የወጣው ውሃ 78.3 ኪሎ ነው። አንድ ኪሎ ውሃ ለማትነን 2.4 ሜጋጁል ገደማ ስለሚያስፈልግ ወደ 188 ሜጋጁል፣ ማለትም 52 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይሄዳል፤ ይህም የማድረቂያው ብክነት ሳይታሰብ ነው። ይህን ያለ ደብተር መሥራት የቻለ ሰው ለመጀመሪያው ሴሚስተር ዝግጁ ነው።

ርዕስ ስትመርጡ

ሳምፕሉን በአንድ ቀን ደርሳችሁ ልታመጡት የምትችሉትን ነገር ያዙ። ጎጃም በዚህ ሀብታም ነው፦ የደጀንና የቢቸና ጤፍ፣ የሜጫ ዳጉሳ፣ የቡሬ በቆሎ፣ የአዊ ድንች። ከሁሉ በላይ ግን ግብጦ (ሉፒን) ላይ ማተኮር ያዋጣል። ፕሮቲኑ ከአብዛኛው ጥራጥሬ ይበልጣል፤ ችግሩ አልካሎይዱ ነው፤ መራራና መርዛማ ነው። እናቶች ለዘመናት የሠሩት መፍትሔ አለ፦ ቆልቶ ወይም ቀቅሎ፣ ለቀናት በወራጅ ውሃ መዘፍዘፍ። መቆላቱ ወይም መቀቀሉ ያለ ምክንያት አይደለም። በሕይወት ያለ ፍሬ የሴሉ ሽፋን ጤነኛ ስለሆነ አልካሎይዱን አይለቅም፤ ሙቀቱ ሽፋኑን ሲያፈርሰው ብቻ ነው ውሃው ማጠብ የሚጀምረው።

የምህንድስናው ጥያቄ እዚህ ላይ ይወለዳል፦ ለአንድ ኪሎ ግብጦ ስንት ሊትር ውሃ ይሄዳል? ውሃው 25፣ 40 ወይም 60 ዲግሪ ቢሆን ጊዜው በስንት ያጥራል? የወንዙ ውሃ ወደ ታች ምን ይዞ ይወርዳል? የአውስትራሊያና ኒውዚላንድ ሕግ ለግብጦ ምርት የሚፈቅደው የአልካሎይድ ጣሪያ በኪሎ 200 ሚሊግራም ነው፤ መድረሻችሁን በዚህ መለካት ትችላላችሁ። ላብራቶሪ ውስጥ ለክታችሁ ከዚህ በታች መሆኑን ሳታረጋግጡ ለማንም ሰው ቅመሱ ብላችሁ እንዳትሰጡ።

ግብጦ ወደሚያዘጋጁት እናቶች ስትሄዱ አጠያየቁ ውጤቱን ይወስነዋል። «ስንት ቀን ይዘፈዘፋል?» ካላችሁ «እንደ ውሃው ነው» የሚል መልስ ይመጣል፤ እሱም እውነት ነው። «እማማ፣ መራራው እንደ ወጣለት በምን ያውቃሉ? ውሃውስ ሲቀየር መልኩ እንዴት ይሆናል?» ብትሉ ግን የአረፋውን፣ የልጣጩን መላላት፣ የምላስ ጫፍ ሙከራውን አንድ በአንድ ይነግሯችኋል። ያንን ለኮንትሮል (ለማወዳደሪያ) ናሙናችሁ ጻፉት።

ፍሬውን ከገበያ አትግዙ። ዳንግላ ወይም እንጅባራ ገበያ ላይ ያለው ጆንያ የብዙ ገበሬ ምርት ተቀላቅሎበታል። ከአንድ ገበሬ፣ ከአንድ አዝመራ፣ ለሁሉም ሙከራ የሚበቃ 15 ኪሎ አንድ ጊዜ ውሰዱ፤ አበጥራችሁ፣ ቀላቅላችሁ፣ ዘርግታችሁ በአራት እየከፈላችሁ ናሙና አውጡ። ሁለተኛ ዙር ሊገዛ የሄደ ተማሪ ሁለተኛ ቴሲስ ጀመረ ማለት ነው።

ፕሮፖዛሉ ከመጽደቁ በፊት

ላብራቶሪውን በእግራችሁ ዙሩት። ዝርዝር ላይ «አለ» የተባለ መሣሪያ ሁሉ ይሠራል ማለት አይደለም። የላብ ቴክኒሻኑ መሣሪያዎቹን እንዲያስነሣላችሁ ጠይቁና የኦቨኑ ሙቀት በሌላ ቴርሞሜትር ሲለካ 105 ዲግሪ ላይ መቆሙን፣ ፉርነሱ 550 መድረሱን፣ ሚዛኑ 0.0001 ግራም ማንበቡን እዩ። ለላብራቶሪ የሚሆን ሄክሳንና ኮንሰንትሬትድ (ያልቀጠነ) ሰልፈሪክ አሲድ ግዢያቸው ወራት ሊወስድ ይችላል፤ ፕሮፖዛሉ እየተጻፈ ይታዘዙ። የመብራት መቋረጥም በዕቅዱ ውስጥ ይግባ፦ ስድስት ሰዓት የሚፈጅ የሶክስሌት (ስብን በሄክሳን የማውጣት) ሥራ መሃል ላይ ቢቋረጥ ናሙናውን ጥላችሁ እንደገና ጀምሩ፣ ከቆመበት አትቀጥሉ።

ከፍታውን አትርሱ። ባሕር ዳር 1800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ 94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ደብረ ማርቆስ ላይ 92 አካባቢ። በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል ይወርዳል። «በ100 ዲግሪ ተቀቅሏል» ብሎ የጻፈ ተማሪ ያልለካ መሆኑ ይታወቅበታል። አውቶክሌቡም (በእንፋሎት ግፊት የሚያመክነው ዕቃ) እንዲሁ ነው፤ ባሕር ጠለል ላይ 121 ዲግሪ የሚሰጠው 15 ፒኤስአይ የጌጅ (የግፊት መለኪያ) ንባብ ባሕር ዳር ላይ 118 ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ የምትመሩት በቴርሞሜትሩ ይሁን፣ በጌጁ አይደለም።

ፕሮቲን ሲለካ

ኬልዳል (ናይትሮጅንን ለክቶ ፕሮቲንን የሚያሰላው ዘዴ) ላይ 0.5 ግራም ዱቄት መዝናችሁ፣ በሰልፈሪክ አሲድ አፍልታችሁና ዲስቲል አድርጋችሁ፣ በ0.1 ኖርማል ኤች ሲ ኤል 20.6 ሚሊ ሊትር ወሰደ እንበል፤ ባዶው ሙከራ (ናሙና ሳይገባበት የሚሠራው) 0.1 ወስዷል። 20.5 በ0.1፣ ከዚያ በ14.007 ሲባዛ 28.7 ሚሊግራም ናይትሮጅን ነው፤ ከ500 ሚሊግራሙ 5.74 በመቶ። ናይትሮጅንን ወደ ፕሮቲን በሚቀይረው ቁጥር በ6.25 ሲባዛ ፕሮቲኑ 35.9 በመቶ ይሆናል። ባዶ ሙከራ ሳይሠራ የተጻፈ ቁጥር ዋጋ የለውም። ፈሳሹ ጥርት ሳይል ማፍላቱን ማቆም ደግሞ ፕሮቲኑን ዝቅ አድርጎ ያሳያል፤ የብዙ ላብ ውጤት እርስ በርሱ የማይገጥመው በዚህ ነው።

አሁን ዱቄቱ 9 በመቶ ውሃ ካለው፣ 35.9 ለ0.91 ተካፍሎ በደረቅ ክብደት 39.5 በመቶ ነው። ሁሉንም ቁጥር በደረቅ ክብደት አድርጉት፤ ያለበለዚያ የተዘፈዘፈውን ካልተዘፈዘፈው ጋር ማወዳደር አይቻልም።

ማወዳደሩ ራሱ ወጥመድ አለው፤ ግብጦ ላይ የሚሠራ ሁሉ ይወድቅበታል። ከመዘፍዘፍ በኋላ ፕሮቲኑ 46 በመቶ ሆኖ ይገኝና «መዘፍዘፍ ፕሮቲን ጨመረ» ተብሎ ይጻፋል። ውሃ ፕሮቲን አይፈጥርም። 100 ግራም ደረቅ ግብጦ ገብቶ 78 ግራም ደረቅ ከቀረ፣ 46 በመቶው 35.9 ግራም ነው፤ ሲገባ ግን 39.5 ነበር። 3.6 ግራም ፕሮቲን ከ22 ግራሙ ጋር በውሃው ሄዷል፤ መቶኛው ያደገው ስኳሩና ማዕድኑ ይበልጥ ስለታጠበ ነው። ስለዚህ የማጠቢያውን ውሃ አትድፉ። መጠኑን ለኩ፣ ከያንዳንዱ ቅያሪ ናሙና አስቀሩ፣ ናይትሮጅኑንም ለኩ። የገባውና የወጣው በ5 በመቶ ውስጥ ከገጠመ ሥራው ታማኝ ነው፤ ካልገጠመ ከመቀጠላችሁ በፊት የጎደለውን ፈልጉ።

የሙከራው ብዛት

ሦስት ሙቀት፣ አራት ጊዜ፣ ሦስት ድግግሞሽ 36 ሙከራ ነው፤ ለአንድ ሴሚስተር በቂ ነው። ድግግሞሽ ማለት ግን ሦስት የተለያየ ድስት፣ እያንዳንዱ ከአዲስ ናሙና ተነሥቶ ነው። ከአንድ ድስት ሦስት ማንኪያ አውጥቶ መመዘን ሚዛናችሁን ይፈትናል እንጂ ሂደቱን አይደግምም፤ ፈታኞች ይህን በመጀመሪያ ያያሉ። የሙከራውን ቅደም ተከተልም በዕጣ አድርጉት፤ 25 ዲግሪውን በሙሉ ሰኞ፣ 60ውን በሙሉ ዓርብ ከሠራችሁ ልዩነቱ የሙቀቱ ይሁን የቀኑ አይለይም።

አልካሎይዱ የሚወጣበትን የፍጥነት ቋሚ (ሬት ኮንስታንት) ከሙቀት ጋር ስታያይዙ በኬልቪን ሥሩ፤ 25 ዲግሪ 298.15 ነው። በሴልሺየስ የተሠላ የአክቲቬሽን ኢነርጂ ቁጥሩ ደህና መስሎ ሊያልፍ ይችላል፣ ቴሲሱን በምትከላከሉበት ቀን ግን ይወጣል።

ለመከላከያው አንድ ስላይድ ለይታችሁ አዘጋጁ፦ አንድ ኪሎ ግብጦ ከግራ ገብቶ፣ የውሃው ሊትር ከላይ፣ የታጠበው ግብጦ ከቀኝ፣ የወጣው አልካሎይድና ፕሮቲን ከታች፣ ሁሉም ከነቁጥሩ። የሚበዛው ጥያቄ ከዚያ ሥዕል ላይ ይነሣል፤ መልሱም እዚያው ተጽፎ ይገኛል።