«ሁሉም ኖርማል» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት

አንድ ጠዋት ዱቲ ስረከብ የአሥራ ሁለት ሕመምተኞችን ቻርት አገላበጥኩ። የአሥራ ሁለቱም ትንፋሽ በደቂቃ 20 ነው። ከአሥራ ሁለቱ አንዱ መስኮቱ ሥር ያለው ጎልማሳ ነበር፤ ትራስ ደራርቦ፣ ቁጭ ብሎ፣ በትከሻው እየተነፈሰ። ሰዓቴን ይዤ ቆጠርኩት፤ 36። የጻፈችውን ተማሪ ጠርቼ «ቆጥረሽዋል?» ስላት «ሲስተር፣ ትናንትም እኮ 20 ነበር» አለችኝ። የትናንቱም ከትናንት በስቲያውን አይቶ እንደጻፈ ልምል እችላለሁ።

አታችመንት (የሆስፒታል ልምምድ) ለሚወጡ ልጆች ሁሌ የምለፈልፈው ከዚህ ይጀምራል፤ ትንፋሽ ሳይቆጥሩ መጻፍ። ሙቀቱን ቴርሞሜትሩ ያነብላችኋል፣ ቢፒውን (የደም ግፊቱን) ማሽኑ ያነብላችኋል። ትንፋሽ ግን አንድ ሙሉ ደቂቃ መቆም ይፈልጋል፤ ለዚህ ነው የሚዘለለው። የሚያናድደኝም ይኼው ነው፤ ሰው ሊደክም ሲል ቀድመው ከሚናገሩት ምልክቶች አንዱን ነው የምትዘሉት። ቢፒው 120 በ80 ሆኖ ትንፋሹ 28 የደረሰ ሰው ደህና አይደለም። በ15 ሰከንድ ቆጥራችሁ በ4 እንደምታባዙም አውቃለሁ፤ ወር ሙሉ ቻርቱ ላይ 16፣ 20 እና 24 ብቻ ሲፈራረቁ ማን አይነቃም?

አዋቂ ሰው አርፎ ሳለ ከ12 እስከ 20 ይተነፍሳል። ሕፃን ሌላ ነው። ከ2 ወር በታች 60 ከደረሰ፣ ከ2 ወር እስከ ዓመቱ 50 ከደረሰ፣ ከዓመት እስከ አምስት ዓመት ደግሞ 40 ከደረሰ ፈጣን ነው። ሲያለቅስ ወይም ሲጠባ አትቁጠሩ። አዋቂውን ደግሞ «ትንፋሽዎን ልቆጥር ነው» አትበሉት፤ ወዲያው አተነፋፈሱን ይቀይራል። የልብ ምት እንደምትቆጥሩ ሁሉ እጁን ይዛችሁ ደረቱ ላይ አሳርፉትና ከደረቱ ጋር ሲነሳ ሲወርድ ቁጠሩ። በደሴ ብርድ ሰው ሁሉ ጋቢ ተከናንቦ ስለሚተኛ፣ ከሩቅ ቆሞ ደረት አያለሁ ማለት ዘበት ነው።

ብርዱን ካነሳሁ፣ በሹራብ ላይ ቢፒ መለካት የለም። የተጠቀለለ እጅጌ ክንዱን ሲያንቀውም እንደዚያው። አውልቁ። ከመለካታችሁ በፊት አምስት ደቂቃ ይቀመጥ። ቡና ጠጥቶ፣ ወይም ከቤቱ ጫት ቅሞ መጥቶ እንደሆነም ጠይቁ፤ ጫት ቢፒንም የልብ ምትንም ከፍ ያደርጋል። ስትጠይቁ ግን እንደ ፖሊስ አትሁኑ፤ ከደነገጠባችሁ «ኧረ አልቅምም» ብሎ ነው የሚሸኛችሁ።

ስቴቶስኮፕ በልብስ ላይ ማድረግም ያው ነው። የሹራብ ፍትጊያ ቁጭ ክራክል፣ የታመመ ሳንባ የሚያሰማውን የመሰነጣጠቅ ድምፅ፣ ይመስላል።

ስለ ሳቹሬሽን፣ ጣት ላይ በሚደረገው ማሽን ስለምንለካው የደም ኦክስጅን መጠን በመቶኛ፦ ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ነው። እዚህ ጤነኛ ሰው ከ95 ትንሽ ዝቅ ቢል ብርቅ አይደለም፤ ሐረጎን ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ያንኑ ሰው ብትለኩት ከፍ ሊል ይችላል። ማሽኑ 86 ሲል ደግሞ ከመሮጣችሁ በፊት ጣቱን እዩት። በረዶ ሆኗል? ጥፍሩ ቀለም ተቀብቷል? ሂና ወይም እንሶስላ አጥቁሮታል? ማሽኑ የሚቆጥረው የልብ ምት እናንተ አንጓው ላይ ከምትቆጥሩት ጋር ይገጥማል? እጁን አሙቁት፣ ጣት ቀይሩ፣ የጆሮውን ጫፍ ሞክሩ። ይህን ለማድረግ ታዲያ ሕመምተኛው ራሱ ደህና መምሰል አለበት፤ እያቃሰተ የሚተነፍስ ሰው ፊት ጣት ሲቀይሩ መቆም የለም። አሁንም ከ90 በታች ከሆነ ጥሩን። «ከፍታው ነው» የሚል ምክንያት ከ90 በታች አይሠራም።

ተቃራኒውም ስህተት አለ፤ የአገሩን ሰው ሳያውቁ ጤናውን በሽታ ማድረግ። ከገጠር የመጡ አንዲት እናት አፋቸውን ሲከፍቱ ተማሪው ድዳቸውን አየና «ሳያኖሲስ!» (በኦክስጅን ማነስ የሚመጣ ሰማያዊነት) ብሎ ኦክስጅን ፍለጋ በረረ። እሳቸው ግራ ገብቷቸው «ምን ሆነ ልጁ?» ሲሉኝ ሳቄ አመለጠኝ። «ድድዎን አይቶ ነው እማማ» ብላቸው «ውይ፣ ንቅሳት አያውቅም እንዴ? ልጃገረድ ሳለሁ ነው እኮ የተነቀስኩት» አሉ። ልጁ ሰንፎ አይደለም፤ ቢያንስ አፍ አስከፍቶ አይቷል፤ ከማያየው ይሻለኛል። ግን ሳያኖሲስ የሚፈለገው ምላስና ከምላስ ሥር ነው። የእሳቸው ምላስ ደግሞ እንደ ጽጌረዳ ቀይ ነበር።

እንዲሁ ጀርባ ላይ በረድፍ የተደረደሩ ክብ ጠባሳዎች ሽፍታ አይደሉም፣ ዋግምት ነው። ግን አይታችሁ አትለፉት፤ «መቼ አስደረጉ? ምን አሟቸው?» ብትሉ የሕመሙን ታሪክ ከዚያ ታገኙታላችሁ። አዲስ የተወለደ ሕፃን ወገብና መቀመጫ ላይ የሚታየው ሰማያዊ ግራጫ ጥላ ደግሞ የቆዳ ቀለም ነው፤ ሲያድግ ይደበዝዛል። እናትየዋን «ወድቆብሽ ነው?» ብላ ያስለቀሰች ተማሪ አጋጥማኛለች። ቦታውንና መጠኑን ግን ጻፉ፤ የኋላ ኋላ ከሰንበር ጋር እንዳይምታታ።

የዓይን ቢጫነት የሚታየው በቀን ብርሃን እንጂ በአምፖል አይደለም። በእኛ ሰው ዓይን፣ ፀሐይ በሚያገኘው የነጩ ክፍል ላይ ቡናማ ነገር መኖሩ የተለመደ ነው። የታችኛውን ሽፋን ሳብ አድርጋችሁ የተሸፈነውን ነጭ እዩ፤ እዚያም ቢጫ ከሆነ ያኔ ጻፉ። ለደም ማነስም የዓይኑን ሽፋን ውስጠኛ ክፍል ነው የማምነው፤ እንሶስላ የሞቀ መዳፍ ምንም አይነግራችሁም።

ሆድ ላይ ቀድሞ መስማት፣ ኋላ መንካት። ይኼን እንኳ ደግሜ አላስረዳም።

ሻሽ ወይም ሒጃብ ሳይፈታ «ታይሮይድ አላበጠም» የሚል ጽሑፍ ግን አሁንም ያሳዝነኛል። በደጋችን እንቅርት አዲስ ነገር ሆኖ ነው? አስፈቅዱ፣ መጋረጃ ሳቡ፤ ወንድ ከሆንክ ሴት ባልደረባህን ጥራ። ከዚያ ውሃ አስጎንጩና ሲውጡ እዩ።

ወሎ ላይ ደግሞ አንድ ሌላ ወጥመድ አለ። «እንዴት አደሩ አባባ?» ትላላችሁ። «አልሐምዱሊላህ» ይሏችኋል። እናንተም «ሕመም የለም» ብላችሁ ትጽፋላችሁ። ይህ እኮ ሰላምታ ነው! ሰውየው እየሞቱም አምላካቸውን ማመስገን አይተዉም። «አብሽሩ አባባ፣ የቱ ጋ ነው የሚያሞት? በጣትዎ ያሳዩኝ» በሏቸው፤ ስትነኳቸውም ዓይናችሁ ሆዳቸው ላይ ሳይሆን ፊታቸው ላይ ይሁን።

ይህን ሁሉ ስደረድር ንጹሕ የሆንኩ እንዳይመስላችሁ። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት፣ ሌላ የሥራ ቦታ ሳለሁ፣ ልባቸው የደከመ ሽማግሌ ነበሩኝ። ከአልጋ መውረድ ካቆሙ ቆይተዋል። በየቀኑ ኢዴማ (ውሃ የቋጠረ እብጠት) እንዳለ ለማየት እግራቸውን እጫናለሁ፣ ቁርጭምጭሚታቸው ቀጭን ነው፣ እጽፋለሁ። ለሳምንታት የተኛ ሰው ውሃው እግር ላይ እንደማይጠብቀኝ፣ ወደ ወገብና መቀመጫ እንደሚወርድ ተምሬዋለሁ፤ ተፈትኜበታለሁም። አንድ ቀን የምታስታምማቸው ልጃቸው «እትዬ፣ የአንሶላው እጥፋት ጀርባው ላይ ታትሞ አልለቅ አለኝ፣ ምንድን ነው?» አለች። ተጋግዘን አገላበጥናቸው። አውራ ጣቴን ወገባቸው ላይ ጫን አድርጌ ሳነሳው ጉድጓዱ እንዳለ ቀረ።

ራስጌያቸው ላይ በተንጠለጠለው ቻርት፣ በራሴ የእጅ ጽሕፈት፣ አምስት ቀን ተከታታይ «ኢዴማ የለም» ይላል።