ከ42 በላይ የሴት ጫማ፦ ለትራንስ ሴቶች የልክና የአመራረጥ መመሪያ

አብዛኛው መደብር ውስጥ የሴት ጫማ 41 ወይም 42 ላይ ያልቃል። እግርሽ 43 ወይም 44 ከሆነ ችግሩ የቁጥር ብቻ ይመስላል። የተገኘውን ትልቅ ቁጥር ገዝተሽ ስትራመጂበት ግን ከጎንና ከጎን ይጫንሻል፣ ተረከዙ ደግሞ ይለቅሻል። አንዱ ጫማ ጠቦም ሰፍቶም ቁጭ!

ጥፋቱ የፎርማው፣ ማለትም ጫማው ተወጥሮ የሚሠራበት የእግር ቅርጽ፣ ነው። ብዙ አምራቾች የሴት ጫማ ፎርማ የሚቀርጹት በ37 ቁጥር ነው፤ ሌሎቹ ቁጥሮች ከእሱ እየተመጠኑ ይወጣሉ። በአውሮፓ አቆጣጠር በየቁጥሩ ርዝመቱ ወደ 6.7 ሚሊ ሜትር ይጨምራል፣ ስለዚህ 43 ማለት በ4 ሳንቲ ሜትር የረዘመ 37 ነው። በጉርምስና ጊዜ በቴስቶስትሮን ያደገ እግር ግን በአማካይ፣ እኩል ርዝመት ካለው የሌላ ሴት እግር ይልቅ ከጣቶቹ ሥር ሰፋ፣ ከጀርባው ወፈር ይላል። እዚህ ላይ ነው ብዙዎች የሚሳሳቱት፦ ስፋት ፍለጋ ርዝመት ይገዛሉ። 43 ሲጠብ 45 ይወስዳሉ። ያኔ የጫማው መታጠፊያ ከጣት አንጓ ፊት ይወድቃል፣ እግር ወደፊት ይንሸራተታል፣ ጣቶች እንደ ፊቱ ይጨፈለቃሉ፣ ተረከዝ በየእርምጃው ይወልቃል። ርዝመት ለብቻው፣ ስፋት ለብቻው ነው የሚፈለገው።

መጀመሪያ ልኪው

እግር ቀኑን ሙሉ እያበጠ ስለሚሄድ የምትለኪው አመሻሽ ላይ ይሁን። ኤ4 ወረቀት ግድግዳ ሥር አንጥፊ፤ 29.7 ሳንቲ ሜትር ስለሚረዝም ለአብዛኛው እግር ይበቃል። ተረከዝሽን ግድግዳው ላይ አስጠግተሽ፣ ክብደትሽን ጥለሽበት ቁሚ። ተቀምጠሽ ከለካሽ እግርሽ ስላልተዘረጋ ልኩ ያንሳል። ሌላ ሰው ቢያሰምርልሽ ይሻላል፤ ራስሽ ስታጎነብሺ ክብደቱ ይዛባል። እርሳሱ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። ወደ ውስጥ ካዘነበለ ከየጎኑ ጥቂት ሚሊ ሜትር ይበላል፣ እነዚያ ሚሊ ሜትሮች ደግሞ አንድ ሙሉ የስፋት ደረጃ ሊያሳስቱሽ ይችላሉ።

ርዝመቱ የሚያዘው ከግድግዳው እስከ ረጅሙ ጣት ነው፤ ረጅሙ ሁልጊዜ አውራ ጣት አይደለም፣ ሁለተኛው የሚበልጥባቸው ብዙ ናቸው። ቀጥሎ ከአውራ ጣት አንጓ እስከ ትንሿ ጣት አንጓ ያለውን ስፋት ያዢ። በመጨረሻም በልብስ ሰፊ ሜትር ያንኑ ቦታ ዙሪያውን ለኪ። ሜትር ከሌለ ክር ጠምጥመሽ ክሩን በማስመሪያ ለኪው። ሁለቱንም እግር ለክተሽ የትልቁን ያዢ። ሆርሞን የአዋቂን አጥንት አያሳጥርም፤ ጫማቸው ላላ እንዳለ የሚናገሩ ሴቶች ግን ስላሉ ልኩን በዓመት አንዴ ማደሱ አይከፋም።

ቁጥሩን ማውጣት

የእግርሽ ርዝመት በሳንቲ ሜትር ላይ 1.5 ጨምሪ፣ ድምሩን በ1.5 አባዢ። 27 ሳንቲ ሜትር ከሆነ 28.5 በ1.5 ሲባዛ 42.75 ይመጣል፣ ማለትም 43 ገደማ። 28 ሳንቲ ሜትር ወደ 44 ይወስድሻል።

አሜሪካ ውስጥ የሴትና የወንድ ቁጥር ይለያያል። እንደ ናይኪ ያሉት ከወንዱ ቁጥር 1.5 ሲጨምሩ (የወንድ 10 የሴት 11.5 ይሆናል)፣ ኮንቨርስ 2 ይጨምራል። በዚህ ምክንያት ቁጥር ከማመን የሳጥኑን ወይም የምላሱን ምልክት አገላብጦ በሳንቲ ሜትር የተጻፈውን መፈለግ ይሻላል፤ በስፖርት ጫማ ላይ ብዙ ጊዜ አለ።

ስፋት በፊደል ይጻፋል፣ ወጥመዱም እዚህ ነው። በአሜሪካ የሴት ጫማ መደበኛው ቢ፣ ሰፊው ዲ፣ በጣም ሰፊው ደብል ኢ ነው። በእንግሊዝ ግን ዲ ራሱ መደበኛው ነው፣ ሰፊው ኢ ይባላል። የእንግሊዝ ዲ ጫማ «ሰፊ ነው» ብላ ያዘዘች ሴት ተራ ስፋት ይደርሳታል። የአሜሪካ የወንድ መደበኛ ስፋትም ዲ ስለሆነ፣ እስካሁን ያደረግሽው የወንድ ጫማ ያለ ችግር ከሆነልሽ ከሴት ጫማ መጀመሪያ የምትሞክሪው ዲ ነው።

ሞዴሉ ግማሽ ሥራውን ይሠራል

የእግር ጀርባን የሚይዝ ቀበቶ ያለው ጫማ ከሁሉም ይቀላል። ሜሪ ጄን የሚባለው፣ ባለ ዘለበት፣ እግር ወደፊት እንዳይንሸራተት ይይዛል፤ ቀበቶው እግሩን አግድም ስለሚቆርጠውም አጠር አድርጎ ያሳያል። አፍንጫው ክብ ወይም የለውዝ ቅርጽ ያለው ይሁን። ሹል አፍንጫ ጣት የማይገባበት ባዶ ርዝመት ስለሚጨምር 43ቱን 45 ያስመስለዋል። ጠርዙ ላስቲክ የሆነ ፍላት ጫማ ደግሞ በእኛ አስተያየት ለዚህ ቁጥር የከፋው ምርጫ ነው፤ ላስቲኩ ረጅም እግር ላይ ይወጠርና ተረከዝ ይልጣል። ከኋላው ማሰሪያ ብቻ ያለው ጫማ ማሰሪያው ስለሚስተካከል የተሻለ ነው።

ታኮ ላይ ትልቅ እግር ያለው ጥቅም ብዙም አይነገርለትም። የሚያደክመው የቁልቁለቱ ዘንበል ማለት እንጂ ከፍታው ብቻውን አይደለም። 37 የምታደርግ ሴት 7 ሳንቲ ሜትር ታኮ ላይ የሚሰማትን ቁልቁለት 43 የምታደርግ ሴት የምታገኘው 8 ሳንቲ ሜትር ግድም ላይ ነው። ከፊት ወፍራም ሶል ካለው ያንን ቀንሺ፦ 10 ሳንቲ ሜትር ታኮ፣ ፊቱ 3 ከሆነ፣ ለእግርሽ 7 ነው። ቢሆንም ለመጀመሪያ ጊዜ ከ4 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ባለው ወፍራም ታኮ ጀምሪ፤ ቀጭኑ ቁርጭምጭሚት ያጥፋል።

ረጅም ቡት ጫማ የምትገዢ ከሆነ የባትሽን ወፍራም ቦታ ዙሪያ ሳትለኪ አትዘዢ። ብዙ ሞዴል ከ35 እስከ 38 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ዚፑ መንገድ ላይ ሲቆም ቁጥሩን ከፍ ማድረግ ብዙም አይፈታውም፣ ባተ ሰፊ የሚባለውን ዓይነት መፈለግ ነው።

የት ይፈለጋል

አሜሪካ ያለሽ ከሆነ ዛፖስና ኖርድስትሮም ድረ ገጽ ላይ ቁጥርና ስፋት አንድ ላይ መርጠሽ ማጥራት ትችያለሽ። ኒው ባላንስ የሴት ስፖርት ጫማ በተለያየ ስፋት ይሠራል። ፕሊዘር ረጃጅም ታኮ እስከ ትልልቅ ቁጥሮች ያወጣል፤ አብዛኛው ሰው ሠራሽ ቆዳ ስለሆነ ግን «ሲለበስ ይሰፋል» ብለሽ ጠባቡን አትግዢ። በእንግሊዝ ሎንግ ቶል ሳሊ፣ በጀርመን ደግሞ በትልልቅ ቁጥሮች ላይ የሚሠራው ሹህፕሉስ አለ። ጀርመን ውስጥ የስፋት ፊደሉ ሌላ ነው፦ ኤፍ መደበኛ፣ ጂ ሰፋ ያለ፣ ኤች ሰፊ።

ለሁለቱም ፆታ የሚሠራ ጫማ መፈለግ ሲሰለችሽ ያሳርፍሻል። ቢርከንስቶክ ሁለት ስፋት አለው፤ ባዶ የእግር ሥዕል ያለበት ሰፊው፣ የተቀለመው ጠባቡ ነው። ባዶውን ያዢ።

ሞክሮ መፍረድ

ጫማውን አድርገሽ ቁሚ። ከረጅሙ ጣት ፊት አንድ ሳንቲ ሜትር ገደማ ይቅር፤ ለዝግ ታኮ ጫማ ግማሹም ይበቃል። ከዚያ በጣቶችሽ ጫፍ ቁሚና ጫማው የሚታጠፍበትን መስመር እዪ። ከጣትሽ አንጓ ጋር ካልገጠመ ርዝመቱ ትክክል ቢሆንም ፎርማው ያንቺ አይደለም፣ መልሺው። የውስጥ ሶሉ የሚወጣ ከሆነ አውጥተሽ ቁሚበት፤ እግርሽ ከጠርዙ ከፈሰሰ ያ ጫማ ጠባብ ነው። ቤት ውስጥ ምንጣፍ ላይ ብቻ ሞክሪ፣ ሶሉ ከተጫረ አይመለስልሽም።

መደብር ውስጥ መሞከር ካልፈለግሽ ወፍራም ካርቶን በእግርሽ ርዝመት ልክ፣ በ2 ሳንቲ ሜትር ስፋት ቁረጪና ጫማው ውስጥ አስገቢው። ሳይጎብጥ ገብቶ ትንሽ ሲንሸራተት ርዝመቱ ይበቃል። ስፋቱን ግን አይነግርሽም።

ትንሽ የሚጫን የቆዳ ጫማ በጫማ ሰሪ ፎርማ ለአንድ ሁለት ቀን ቢወጠር በጎኑ ጥቂት ሚሊ ሜትር ይሰፋል። በርዝመቱ አይሰፋም፣ ቢሉሽም አትመኚ። የሚያብለጨልጭ ቆዳ ሲወጠር ይሰነጠቃል። በፀጉር ማድረቂያ ማሞቅም ማስቲሹን ያላቅቀዋል። ተረከዝሽ ሲወልቅ ከኋላ ስፖንጅ ከመለጠፍ በፊት ጣትሽን ጠይቂ፦ ፊቱ ጠቦ ከሆነ ስፖንጁ ጭራሽ ወደፊት ይገፋሻል። ፊቱ ከላላ ግን ከጣቶች ሥር የሚገባ ቀጭን ስፖንጅ ይሻላል።

በትእዛዝ ማሠራት

አዲስ አበባ ውስጥ ጫማ ሰሪዎች የተሰባሰቡበት የመርካቶ ሸራ ተራ ነው። ማንነትሽ መታወቁ አደጋ ሊያመጣብሽ ስለሚችል ራስሽ መሄድ የለብሽም፤ የምታምኚው ሰው የተለካሽበትን ክርና የተሰመረውን ወረቀት ይዞ፣ «ለእህቴ ነው» ብሎ ይሂድልሽ። ክሩ ላይ ሁለት ቋጠሮ ይበቃል፣ አንዱ ለርዝመት፣ አንዱ ለዙሪያ።

የሚጠየቀው ጥያቄ ግን አንድ ነው፦ የሴት ፎርማው ስንት ቁጥር ድረስ አለ? 43 ካለውና ከጠበበ፣ ፎርማው ጎን ላይ ቆዳ ለጥፎ ማስፋት ይችላል። ከሌለውና በወንድ ፎርማ ልሥራው ካለ፣ ፍላት ወይም ሰንደል ከሆነ እሺ በሉት። ታኮ ከሆነ እምቢ። ፎርማ የተረከዙ ከፍታ አብሮት የተቀረጸ ነው፤ ለ2 ሳንቲ ሜትር የተቀረጸው ላይ 7 ሳንቲ ሜትር ታኮ ቢመታበት ጫማው ወደፊት ይደፋል፣ ታኮውም ወደ ኋላ ተዘርጥጦ ከጥቂት ቀን በኋላ ይነቀላል።