ከዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ የመጣች ተማሪ ለነፃ የትምህርት ዕድል እንዴት ትዘጋጅ?

በኢትዮጵያ ከ1996 ዓ.ም ጀምሮ በተዘረጋው የወጪ መጋራት ሥርዓት መሠረት፣ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ድርሻዋን የምትከፍለው ተመርቃ ገቢ ማግኘት ስትጀምር ስለሆነ፣ ብዙዎች ድህነት ትምህርቷን አያቋርጠውም ብለው ያስባሉ። በእኔ እምነት ግን ተማሪዋን ከግቢ የሚያስወጣት ብዙውን ጊዜ ጥቃቅኑ ወጪ ነው፤ የአውቶቡስ ትኬት፣ ሞዴስ፣ ሳሙና፣ ፎቶ ኮፒ፣ ከዚህም ሁሉ በላይ ሠርታ ቤተሰቧን እንድትደጉም የሚጠበቅባት ገንዘብ። ስለዚህ የነፃ ትምህርት ዕድል ማስታወቂያ ስታነብ በመጀመሪያ ማጣራት ያለባት የትምህርት ክፍያው ብቻ ነው ወይስ መኖሪያ፣ መጽሐፍና የኪስ ገንዘብም ይሸፈናል የሚለውን ነው።

ለምሳሌ የማስተርካርድ ፋውንዴሽን የስኮላርሺፕ ፕሮግራም ጥሩ ውጤት እያላቸው የመክፈል አቅም ለሌላቸው ወጣቶች የተዘጋጀ ሲሆን፣ ለሴቶች ልዩ ትኩረት ይሰጣል። ከአጋሮቹ መካከል የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ይገኝበታል፤ በዚያ በተለይ አካል ጉዳተኛ ወጣቶች ይታሰባሉ። የማመልከቻ ጥሪ መውጣቱን ከዩኒቨርሲቲው ከራሱ እንጂ ከቴሌግራም ወሬ መስማት አይገባም።

የሰነድ ዝግጅት ከሁሉም የበለጠ ጊዜ ይወስዳል። የ12ኛ ክፍል ውጤት፣ ትራንስክሪፕት፣ የልደት ምስክር ወረቀትና ከቀበሌ ወይም ከወረዳ የሚሰጥ የገቢ ሁኔታ ማረጋገጫ አስቀድመው ይሰብሰቡ። ስሟ በላቲን ፊደል በሁሉም ወረቀት ላይ አንድ ዓይነት ሆኖ መጻፉ ወሳኝ ነው፤ «ፀሐይ» የሚለው ስም በአንዱ ሰነድ ላይ በአንድ መልክ፣ በሌላው ላይ በተለየ ፊደል ከተጻፈ፣ የሁለት ሰዎች ሰነድ ሊመስል ይችላል። የልደት ቀኗም ወደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ሲቀየር በሁሉም ላይ ይመሳሰል። የመጨረሻው ሰዓት በግሪንዊች 23:59 ከተባለ፣ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 8:59 ማለት ነው፤ ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት አካባቢ ግን ቢያንስ ሦስት ቀን ቀድሞ መላክ ይሻላል።

ስለ ራሷ የምትጽፈውን መጀመሪያ በአማርኛ ወይም በአፍ መፍቻ ቋንቋዋ ብታዘጋጀው ሐሳቧ ይጠራል። «ድሃ ነኝ፣ እርዱኝ» ከማለት ይልቅ፣ ጠዋት ከእናቷ ጋር እንጀራ ሸጣ እንዴት ክፍል እንደምትደርስ፣ ስንት ታናናሾቿ በእሷ እገዛ እንደሚያጠኑ፣ ምን ተምራ ለየትኛው ችግር መፍትሔ እንደምትፈልግ በዝርዝር ትጻፍ። የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፍላት መምህር በሚገባ የሚያውቃት ይሁን፤ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀድማ ውጤቷንና የማስታወቂያውን ቅጂ ትስጠው።

«ዕድሉን አስጨርስልሻለሁ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ደላላ ሲመጣ፣ እናትና አባት ከብት ሸጠው ወይም ተበድረው ከመስጠታቸው በፊት ጉዳዩን ለትምህርት ቤቱ ያሳዩ። አባቷ ስለ መኝታና ስለ ደኅንነት ቢጨነቁ ጭንቀታቸው ተገቢ ነውና፣ የግቢውን ማደሪያ ሁኔታ ጠይቃ ታስረዳቸው።

ከተመረጠች በኋላ ውሉን ሳታነብ አትፈርም። መያዝ ያለባት ዝቅተኛ ነጥብ ስንት እንደሆነ፣ ብትታመም ወይም ብታረግዝ ዕድሉ ይቆይላት እንደሆነ በጽሑፍ ትጠይቅ፤ የውሉንም አንድ ቅጂ ለእናቷ ትስጥ።