የልብ ሐኪምዎ ከመድኃኒት ኩባንያ የተቀበለውን ክፍያ ሲያዩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

እ.ኤ.አ. በ2010 አሜሪካ ውስጥ የጸደቀ ሕግ መድኃኒትና የሕክምና መሣሪያ የሚያመርቱ ኩባንያዎች ለሐኪሞች የሰጡትን ገንዘብ፣ ግብዣና የጉዞ ወጪ በስም ዘርዝረው ለመንግሥት እንዲያሳውቁ ያስገድዳል። ዝርዝሩ ከ2014 ጀምሮ ኦፕን ፔይመንትስ በሚባል መዝገብ ለሕዝብ ክፍት ሆኗል፤ የሐኪሙን ስም መጻፍ ብቻ ይበቃል። ማግኘቱ ቀላል ነው፤ ሰው የሚሳሳተው ሲያነብ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ስሙን አይቶ መደንገጥ ነው። ከ2013 እስከ 2022 ባሉት ዓመታት ከአሜሪካ ሐኪሞች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ቢያንስ አንድ ክፍያ ተቀብለዋል። የልብ ሐኪሞች የምርምር ገንዘብ ሳይቆጠር በድምሩ ወደ 1.29 ቢሊዮን ዶላር ደርሷቸዋል፤ የሚበልጧቸው የአጥንት ሐኪሞች እንዲሁም በአንድ ምድብ የተቆጠሩት የነርቭና የአእምሮ ሐኪሞች ብቻ ናቸው። ገንዘቡ ግን እኩል አልተዳረሰም። ጥቂቶች ሚሊዮን ሲያፍሱ ተራው ሐኪም ያገኘው ብዙውን ጊዜ መቶ ዶላር እንኳ አይሞላም።

ድምሩን ብቻ ማየትም ያሳስታል። መዝገቡ ክፍያውን በዓይነት ይለያል፦ ምግብና መጠጥ፣ ጉዞና ማረፊያ፣ የማማከር ክፍያ፣ የንግግር ክፍያ፣ የፈጠራ መብት ድርሻ፣ ምርምር። የምርምር ገንዘብ ብዙውን ጊዜ የሚገባው ጥናቱን ለሚያካሂደው ሆስፒታል ወይም ዩኒቨርሲቲ ሲሆን፣ የመሪ ተመራማሪው ስም ግን አብሮ ይሰፍራል። ከስሙ ጎን ትልቅ ቁጥር ያዩበት ሐኪም ከዚያ ውስጥ ሳንቲም ኪሱ አልገባ ይሆናል። ከአንድ ኩባንያ፣ ለአንድ መድኃኒት፣ ደጋግሞ የተከፈለ ጥቂት ሺህ ዶላር የበለጠ ሊያሳስብዎ ይገባል።

በጣም የተለመደውና እኔን በጣም የሚያናድደኝ ስህተት ግን «በምሳ የሚደለል ሐኪም የለም» የሚለው ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፦ የኩባንያው ወኪል እኩለ ቀን ላይ ለክሊኒኩ ሠራተኞች ሁሉ ምሳ ይዞ ይመጣል። ሐኪሙ ከአንዱ በሽተኛ ወደ ሌላው እስኪሻገር ባገኛት ትንሽ ጊዜ እየጎረሰ ስለ አዲሱ ክኒን ይሰማል። መዝገቡ ላይ የሚቀረው ቀኑ፣ የኩባንያውና የመድኃኒቱ ስም፣ «ምግብና መጠጥ» የሚል ምድብ እና አሥራ ምናምን ዶላር ነው። ይህን እጅ መንሻ ብሎ የሚጠራ ማን አለ?

በ2016 ጃማ ኢንተርናል ሜዲስን በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት ወደ 280,000 የሚጠጉ ሐኪሞችን መረጃ መረመረ። ከተመረጡት አራት መድኃኒቶች ሦስቱ የልብ ሕክምና ናቸው፦ ለኮሌስትሮል ሮሱቫስታቲን፣ ለደም ግፊት ደግሞ ኔቢቮሎልና ኦልሜሳርታን። የምግቡ አማካይ ዋጋ ከ20 ዶላር በታች ነበር። ሆኖም አንድ ጊዜ ብቻ የተጋበዙት እንኳ የጋበዛቸውን ኩባንያ መድኃኒት ካልተጋበዙት ይልቅ አዘውትረው ያዙ ነበር። አራት ቀንና ከዚያ በላይ የተጋበዙት ከተመሳሳይ መድኃኒቶች መካከል ኔቢቮሎልን የመረጡበት መጠን ካልተጋበዙት 5.4 እጥፍ፣ ኦልሜሳርታንን 4.5 እጥፍ ነበር። እርግጥ ነው፣ ጥናቱ ምሳው ምክንያት መሆኑን አላረጋገጠም፤ መድኃኒቱን አስቀድሞ የወደደ ሐኪም ወደ ግብዣውም ያዘነብል ይሆናል። ያም ሆኖ ኩባንያዎች ይህን ሁሉ ምሳ ዓመት ከዓመት የሚያቀርቡት ለጽድቅ አይደለም።

ሐኪሙን «ተጽዕኖ አሳድሮብዎታል?» ብሎ ጠይቆ መልሱን እንደ ማስረጃ መያዝም አይረባም። በ2001 በታተመ ጥናት ከተጠየቁት ተለማማጅ ሐኪሞች 61 በመቶው የኩባንያ ማስታወቂያ በእኔ ላይ አይሠራም አሉ። ስለ ባልደረቦቻቸው ሲጠየቁ ግን እንዲህ ያሉት 16 በመቶ ብቻ ነበሩ። ውሸታሞች ናቸው ማለት አይደለም፤ ሰው የራሱን ዝንባሌ አያየውም።

የንግግር ክፍያን እንደ ተራ የማስተማር አበል መቁጠር ደግሞ ሌላው ነው። ኩባንያዎች አንዱን ሐኪም ከፍለው ለሌሎች ሐኪሞች ስለ መድኃኒታቸው በሚያናግሩባቸው የራት ዝግጅቶች ተናጋሪው የሚያሳየው ጽሑፍ ብዙውን ጊዜ ኩባንያው ያዘጋጀው ነው፤ አድማጮቹም ያንኑ ንግግር ከዚህ ቀደም የሰሙ ጥቂት ሐኪሞች የሚሆኑበት ጊዜ አለ። ኖቫርቲስ በ2020 ከአሜሪካ መንግሥት ጋር በ678 ሚሊዮን ዶላር ክሱን የቋጨው፣ የደም ግፊትና የስኳር መድኃኒቶቹን ለማሻሻጥ በንግግር ስም ሐኪሞችን በውድ ምግብ ቤቶች ሲያንበሸብሽ ነበር ተብሎ ነው። ኦልሜሳርታንን ይሸጥ የነበረው ዳይቺ ሳንክዮም በ2015 በተመሳሳይ ክስ 39 ሚሊዮን ዶላር ከፍሏል። ስለዚህ መዝገቡ ላይ የንግግር ክፍያ ካዩ ስንት ጊዜና ስለየትኛው መድኃኒት እንደሆነ ይቁጠሩ።

ክኒን ክኒኑን እያዩ መሣሪያውን መርሳትም አለ። በደረት ውስጥ የሚቀበር የልብ ምት አስተካካይ ዲፊብሪሌተርን በተመለከተ በ2020 የወጣ ጥናት፣ በሽተኞች ለሐኪማቸው ከሁሉም አብልጦ የከፈለውን ኩባንያ መሣሪያ የማግኘት ዕድላቸው ሰፊ መሆኑን አሳይቷል።

ባዶ ገጽም ንጽሕና አይደለም። ለበሽተኞች እንዲታደል የሚሰጥ የመድኃኒት ናሙና አይመዘገብም፤ የዘንድሮ ክፍያም የሚታየው በሚቀጥለው ዓመት ነው።

አደገኛው ስህተት ግን መዝገቡን አይቶ በንዴት መድኃኒት ማቆም ነው። ከ2013 እስከ 2022 ከመድኃኒቶች ሁሉ ብዙ ገንዘብ ከፈሰሰባቸው መካከል ዛሬልቶና ኤሊኩዊስ የተባሉት የደም ማቅጠኛዎች በግንባር ቀደምነት ይገኛሉ። ይሁንና የአሜሪካ የልብ ሐኪሞች ማኅበራት መመሪያ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የተባለው የልብ ምት መዛባት ላለባቸው አብዛኞቹ በሽተኞች ከነባሩ ዋርፋሪን ይልቅ የዚህ ወገን መድኃኒቶችን ይመርጣል። በድንገት ማቋረጣቸው ደም እንዲረጋና ስትሮክ እንዲከሰት ሊያደርግ ስለሚችል ማስጠንቀቂያው በመድኃኒቶቹ መግለጫ ላይ በጉልህ ሰፍሯል። ክኒኑን እየወሰዱ ሐኪሙን ይጠይቁ፦ «ይህን ለእኔ የመረጡት ለምንድን ነው? ርካሽ አቻ የለውም?» ስለ ኩላሊትዎ፣ ስለ ዕድሜዎና አብረው ስለሚወስዷቸው መድኃኒቶች እያነሣ ካስረዳዎ ምክንያት አለው ማለት ነው። «አዲስ ስለሆነ ነው» ብሎ ካለፈዎት ግን መድኃኒትዎን ሳያቋርጡ ለሌላ የልብ ሐኪም ቀጠሮ ይያዙ።