ላዳን ከመጠገን በፊት የትኛው ላዳ እንደሆነ መለየት፦ ችግርና መፍትሄ

በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ሰማያዊና ነጭ ቀለም ተቀብቶ ለብዙ ዓመታት በታክሲነት ሲያገለግል የኖረውን ላዳ አብዛኛው ሰው እንደ አንድ መኪና ይቆጥረዋል። መለዋወጫ ሻጩ «የላዳ ነው» ብሎ ይሸጣል፤ ገዢውም በዚሁ ቃል ተማምኖ ይወስዳል። ነገር ግን በዚህ አንድ ስም ሥር መልካቸው የሚመሳሰል፣ ውስጣቸው ግን የሚለያይ በርካታ ሞዴሎች አሉ። በእኔ ግምት፣ ተጠግኖ ከወጣ በኋላ በወሩ ተመልሶ ጋራዥ የሚገባ ላዳ ብዙውን ጊዜ የሚመለሰው ዕቃው ስላረጀ ሳይሆን፣ የአንዱ ሞዴል ዕቃ ለሌላው ሞዴል ስለተገጠመለት ነው። ስለዚህ ወደ ምልክቶቹ ከመግባታችን በፊት መኪናው ከየት ተነሥቶ እንዴት እንደተባዛ ማየት ያስፈልጋል።

መነሻው ጣሊያን ነው። ፊያት እ.ኤ.አ. በ1966 ለገበያ ያቀረበው ፊያት 124 ለ1967 የአውሮፓ የዓመቱ መኪና ተብሎ ተመርጧል። ኩባንያው በዚያው በ1966 ከሶቪየት ኅብረት ጋር በተዋዋለው መሠረት፣ በቮልጋ ወንዝ ዳር በምትገኘውና በጣሊያናዊው የኮሚኒስት ፓርቲ መሪ በፓልሚሮ ቶሊያቲ ስም በተሰየመችው ከተማ ትልቅ ፋብሪካ ተተከለ። የመጀመሪያዎቹ መኪኖችም ኤፕሪል 19 ቀን 1970 ተገጣጥመው ወጡ። የሶቪየት መሐንዲሶች የፊያትን መኪና እንዳለ አልተቀበሉትም። ለአገራቸው መንገድና ብርድ እንዲስማማ ከ800 በላይ ለውጦች ተደረጉበት፤ የካሮሴሪያው ብረት ወፈረ፣ ከመሬት ያለው ከፍታ ወደ 170 ሚሊ ሜትር ተነሣ፣ በጭቃ ቶሎ የሚያልቀው የኋላ ዲስክ ፍሬን በታምቡር ተተካ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ካም ሻፍቱ (ቫልቮላዎቹን፣ ማለትም የሞተሩን የአየርና የጭስ በሮች የሚከፍተው ዘንግ) ሲሊንደሮቹን በሚይዘው በብሎኩ ውስጥ የሚገኘው የፊያት ሞተር ቀርቶ፣ ካም ሻፍቱ ከቴስታታው (ብሎኩን ከላይ ከሚዘጋው የሞተሩ ራስ) ላይ የተቀመጠ ሌላ ሞተር ገባ። የፊያት 124 የሞተር ዕቃ ለላዳ የማይሆነው በዚህ ምክንያት ነው። የእኛ መካኒኮች ግን ይህን በሩሲያ የተሠራ መኪና ሲፈቱ ቴስታታ፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ እያሉ የሚጠሩት በጣሊያንኛ ነው፤ ቃሉም መኪናውም በተለያየ መንገድ ከአንድ አገር መጥተው እዚህ መገናኘታቸው ሁልጊዜ ይደንቀኛል።

ዋናው ቁልፍ በሞተሮቹ ስሌት ላይ ነው። ፋብሪካው ሁለት ዓይነት የሲሊንደር ስፋት፣ 76 እና 79 ሚሊ ሜትር፣ እንዲሁም ሁለት ዓይነት የፒስቶን ጉዞ፣ 66 እና 80 ሚሊ ሜትር ይዞ፣ እነዚህን በማጣመር አራት ሞተሮች አወጣ። በ1970 የወጣው 2101 የሚባለው ሞዴል ባለ 76 በ66 ሲሆን 1198 ሲሲ ነው። በ1972 የወጣው ባለ አራት የፊት መብራቱ 2103 ባለ 76 በ80፣ ማለትም 1452 ሲሲ ነው። በ1974 የመጣው 21011 ባለ 79 በ66 ሲሆን 1294 ሲሲ አለው፤ በ1976 የተከተለው 2106 ደግሞ ባለ 79 በ80፣ 1569 ሲሲ ነው። ወደ ውጭ በሚላኩት ላይ 1200፣ 1300፣ 1500 እና 1600 የሚሉት ስሞች ከእነዚህ ጋር ይያያዛሉ። በኋላ የመጡት ባለ አራት ማዕዘን መብራቱ 2105፣ በ1982 የወጣው ፊቱ በኒኬል ያጌጠው 2107 እና በ1984 የወጣው ባለ ረጅም ጀርባ 2104 እንደየዓይነታቸው ከእነዚሁ ሞተሮች አንዱን ይይዛሉ። ስለዚህ የመኪናው ፊት የሞተሩን ዓይነት አይነግርም፤ 2107 ብቻ እንኳ በ1300፣ በ1500 ወይም በ1600 ሞተር ሊገኝ ይችላል። ምርቱ እስከ 2012 የዘለቀ በመሆኑና ሞተር ከመኪና ወደ መኪና ሲዛወር ስለኖረ፣ በሊብሬው ላይ የተጻፈውንም በጭፍን ማመን አይገባም። ማየት የሚገባው በብሎኩ ግራ በኩል፣ ከዘይት ፊልትሮው በላይ የተመታውን የሞተር ዓይነት ቁጥር ነው፤ ቤንዚንና ጨርቅ ይዞ ቅባቱን መጥረግ ይበቃል።

ቴስታታው ተከፍቶ በተዘጋ በጥቂት ሳምንታት ውኃ መጉደልና ነጭ ጭስ

አዲስ ጓርኒሲዮን (በብሎኩና በቴስታታው መካከል የሚገባው ማሸጊያ) ገብቶ ብዙም ሳይቆይ ራዲያተሩ ውኃ ማጉደል፣ ሞተሩም በአንድ ሲሊንደር ማንከስ ከጀመረ፣ ብዙ ሰው ቴስታታው ተጣሟል ብሎ ወደ ማሽን ቤት ይወስደዋል። ይህ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን አስቀድሞ የተቃጠለውን ጓርኒሲዮን አውጥቶ የቀዳዳውን ስፋት መለካት ይቀድማል። የቡሎኖቹ አቀማመጥ አንድ ስለሆነ የ76ቱ ጓርኒሲዮን በ79ኙ ብሎክ ላይ ያለ ምንም ችግር ይቀመጣል፤ ከተዘጋ በኋላ ግን ጠርዙ ዙሪያውን ወደ ሲሊንደሩ ውስጥ ገብቶ በእሳቱ መካከል ይቀራል። እዚያው ግሎ ይቃጠላል፣ ተቃጥሎም ለጋዙ መንገድ ይከፍታል። መፍትሄው በብሎኩ ላይ በተመታው ቁጥር መሠረት ትክክለኛውን መግዛት፣ ከመግጠም በፊትም በብሎኩ ላይ አስቀምጦ የሲሊንደሮቹ ጠርዝ ዙሪያውን እንደሚታይ ማረጋገጥ ነው። ብሎኩ በሥራ ብዛት ተቦርቡሮ ሰፍቶ ከሆነ ልኬቱ የሚወሰደው አሁን ካለው ስፋት እንጂ ከቀድሞው አይደለም።

አዲስ ካቴና (የሞተሩ ሰንሰለት) ገብቶም የማይረግብ ጩኸት፣ ወይም ፋዙ (የኮሎውና የካም ሻፍቱ አዟዟር ቅንብር) አልገጥም ማለት

የፒስቶኑ ጉዞ 80 ሚሊ ሜትር የሆነባቸው ሞተሮች፣ ማለትም 1500ው እና 1600ው፣ ብሎካቸው ከሌሎቹ ወደ 9 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል። ካም ሻፍቱም በዚያው ልክ ከኮሎው (ፒስቶኖቹ ከሚያዞሩት ዋና ዘንግ) ይርቃል፤ ስለዚህ ሁለቱን የሚያገናኘው የእነርሱ ካቴና 116 ማያያዣ ሲኖረው የ1200ው እና የ1300ው ግን 114 ብቻ አለው። ረጅሙ በአጭሩ ብሎክ ላይ ከተገጠመ መወጠሪያው እስከ መጨረሻ ቢገፋም ልልነቱን ሊውጥ አይችልም። ጩኸቱ አይቆምም፤ ፋዙም ጥርስ እየዘለለ ሊበላሽ ይችላል። አጭሩ ደግሞ በረጅሙ ላይ ጭራሹን አይደርስም፤ «አልገጥም አለኝ» የሚለው ቅሬታ የሚመጣው ከዚህ ነው። ከመግጠም በፊት መቁጠር ነው፤ በእጅ ያለውን ካቴና ማያያዣ በማያያዣ መቁጠር ከአምስት ደቂቃ አይበልጥም። ልኩ ትክክል ሆኖ ጩኸት ካለ ግን የመወጠሪያውን ዳዶ አላልቶ፣ ኮሎውን በሚዞርበት አቅጣጫ ሁለት ዙር ያህል በእጅ አዙሮ መልሶ ማጥበቅ ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ይኸው የብሎክ ቁመት ልዩነት የእሳት አከፋፋዩንም ይነካል። የረጅሙ ብሎክ አከፋፋይ ዘንጉ ረጅም ነው። አጭር ዘንግ ያለው በረጅሙ ብሎክ ላይ ሲገባ ከጥርሱ ጫፍ ብቻ ይያዝና አንድ ቀን መንገድ ላይ ያቆማል፤ ረጅሙ በአጭሩ ላይ ሲገባ ግን ወርዶ ስለማይቀመጥ ወዲያው ያሳውቃል።

በ1300ው ሞተር ላይ ሌላም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የ2105 የራሱ የ1300 ሞተር ካቴና የለውም፤ በጥርስ ቺንጋ (ጥርስ ባለው ቀበቶ) ነው የሚሠራው። ፋብሪካው ቺንጋው ቢበጠስ ቫልቮላዎቹ እንዳይመቱ የፒስቶኖቹን ራስ ጎድጎድ አድርጎ ሠርቷቸዋል። በጥገና ጊዜ የ21011 ፒስቶን ከተተካ ይህ ጥበቃ ይጠፋል፤ ያኔ የቺንጋ መበጠስ የቫልቮላ መጣመም ይሆናል።

በአዲስ አበባ መፍላት

ይህ ችግር በላዳ ላይ ከሁሉም በላይ የሚነገር ስለሆነ ዘርዘር አድርጎ ማየት ይገባዋል። ማራገቢያው በኤሌክትሪክ በሚሠራባቸው ላዳዎች የተለመደው የሙቀት ማብሪያ 92 ዲግሪ ሲደርስ ይለኩሳል፣ 87 ሲሆን ያጠፋል። በፊያት ከተማ በቱሪን ወይም በቮልጋ ዳር ይህ በቂ ርቀት አለው፤ እዚያ ክፍት ውኃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ አካባቢ ነውና። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለሆነች፣ ክፍት ውኃ እዚህ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ማራገቢያው የሚነሣውም ውኃው የሚፈላውም በአንድ ጊዜ ነው ማለት ነው። መኪናውን ከዚህ የሚያድነው የራዲያተሩ ክዳን ብቻ ነው፤ የክዳኑ ሞላ በውስጡ ግማሽ ባር ያህል ተጨማሪ ግፊት ስለሚይዝ የመፍያው ነጥብ ከ100 በላይ ይወጣል። ሞላው የደከመ ወይም ላስቲኩ የደረቀ ክዳን በዝቅተኛ አገር ሳይታወቅ ሊኖር ይችላል፤ እዚህ ግን በመጀመሪያው ዳገት ላይ ይጋለጣል። ስለዚህ የውኃ ፓምፓ ከመቀየርና ራዲያተር ከማስጠረግ በፊት ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ሲቀዘቅዝ ክዳኑን ከፍቶ ላስቲኩን ማየት፣ ሞላውንም በአውራ ጣት መጫን ይገባል። ርካሹ ዕቃ እርሱ ነው፤ መጨረሻ የሚታየውም እርሱ ነው።

ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል የተለመደ «መፍትሄ» ነው፤ እኔ ግን አልደግፈውም። የላዳ ቴርሞስታት ከሞተሩ ውጭ በማኒኮታዎች (የውኃው ጎማ ቱቦዎች) መካከል የሚገኝና ውኃውን ወይ ወደ ራዲያተሩ ወይ ወደ ሞተሩ መልሶ የሚልክ ነው። ውስጡ ከተጣለ ከፊሉ ውኃ ራዲያተሩን ሳይነካ ስለሚመለስ ማቀዝቀዙ ይብሳል እንጂ አይሻልም። ትክክለኛው ምርመራ ቀላል ነው፤ ሞተሩ ከቀዝቃዛ ተነሥቶ ሲሞቅ የራዲያተሩ የታችኛው ማኒኮታ ለጥቂት ጊዜ ቀዝቃዛ ሆኖ ቆይቶ፣ ውኃው 80 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ መሞቅ አለበት። ከመነሻው አብሮ ከሞቀ ቴርሞስታቱ ክፍት ቀርቷል፣ ሞተሩ ግሎም ካልሞቀ ተዘግቶ ቀርቷል።

ጥቁር ጭስ፣ የጠቆረ ካንዴላና የቤንዚን ፍጆታ መብዛት

ቤንዚንን ከአየር ጋር የሚቀላቅለው ካርቡሬተር በፋብሪካ ሲሠራ የተለካው ለዝቅተኛ አገር አየር ነው። በአዲስ አበባ ከፍታ አየሩ በአንድ አምስተኛ ያህል ስለሚሳሳ ሞተሩ የሚስበው ቤንዚን ለአየሩ ይበዛበታል። መፍትሄው በካርቡሬተሩ ውስጥ ያለችውን ቤንዚን የሚያልፍባትን የናስ ቀዳዳ ቁጥሯ በ5 ዝቅ ባለ መለወጥ ነው፤ 135 ካለ 130 ማለት ነው። ከዚያ በፊት ግን ሁለት ነገር መረጋገጥ አለበት፤ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ የሁሉም ቫልቮላ ክፍተት 0.15 ሚሊ ሜትር መሆኑ፣ ፑንቲና (በእሳት አከፋፋዩ ውስጥ ኤሌክትሪኩን የሚያቋርጠው ነጥብ) ባለው ሞተር ላይም የፑንቲናው ክፍተት በ0.35 እና በ0.45 ሚሊ ሜትር መካከል መሆኑ። እነዚህ ሳይስተካከሉ ካርቡሬተር መንካት ጥፋቱን መደበቅ ብቻ ነው። በዚህ ሁኔታ የተስተካከለ መኪና ወደ አዋሽ ሲወርድ አየሩ ስለሚወፍር ቤንዚኑ ያንሰዋል፤ ዳገት ላይ ከሞተሩ ብረት የሚመታ የሚመስል ድምፅ ከተሰማ ነዳጅ መስጫውን ቀንሶ መንዳት ይሻላል።

ሞቆ ከቆመ በኋላ አልነሣም የሚል፣ ከቀዘቀዘ ግን ምንም እንዳልሆነ የሚነሣ ላዳ ብዙ ጊዜ የቤንዚን ፓምፓው ላይ ነው ችግሩ። ፓምፓው በብሎኩ ላይ ስለሚያያዝ ሙቀቱን ይወስዳል፤ ቤንዚኑ ውስጡ ይተንና ፓምፓው እንፋሎት መግፋት አይችልም። አሮጌ ሾፌሮች እርጥብ ጨርቅ የሚጠቀልሉበት ለዚህ ነው፤ ለመንገድ ይበቃል። ዘላቂው ግን በፓምፓውና በብሎኩ መካከል ያለውን ሙቀት ከላካይ ወፍራም ንጣፍ መመርመርና ተሰብሮ ወይም ተጥሎ ከሆነ መመለስ ነው።

መሪው መላላቱ የመሪ ሳጥኑን ቪት በማጥበቅ ይስተካከላል የሚል ልማድ አለ፤ አስቀድሞ ግን በሳጥኑ ተቃራኒ በኩል ያለው የረዳት ክንድ ቡኮላ (ማስገቢያ ቀለበት) እና ቴስቲኒዎቹ (የመሪ ዘንጎቹ መገጣጠሚያ ኳሶች) መታየት አለባቸው።

በ80 ኪሎ ሜትር ሞተሩ መጮህ፣ ወይም ዳገት ላይ መክበድ

ይህ ከሞተር ይልቅ የኋላ ዲፈረንሻል ጥያቄ ነው፤ መጠኑም ሁለቱ የኋላ ጎማዎች አንድ ዙር ሲዞሩ የማስተላለፊያው ዘንግ ስንት ዙር እንደሚዞር ያሳያል። የ2101 መጠን 4.3፣ የ2103ቱ 4.1፣ የኋለኞቹ 2106 እና 2107 መጠን 3.9 ነው፤ ባለ ረጅም ጀርባው 2102 ደግሞ 4.44 ነበረው። የ3.9 ዲፈረንሻል በ1200 ሞተር ላይ ሲገጠም መኪናው በእንጦጦ ዳገት ላይ ይደክማል፤ 4.3ቱ በ1600ው ላይ ሲገጠም ደግሞ በሜዳ ሞተሩን ያስጮኻል። የፍጥነት መለኪያው ውሸት ማሳየትም ከዚሁ ይመጣል። ለማረጋገጥ የፊት ጎማዎችን በድንጋይ አግዶ፣ ማርሹን ባዶ አድርጎ፣ አንዱን የኋላ ጎማ ብቻ በክሪክ ማንሣት ነው። የተነሣውን ጎማ 20 ዙር በእጅ እያዞሩ፣ ሌላ ሰው ከጎን ሆኖ የማስተላለፊያውን ዘንግ ዙር ይቁጠር፤ አንድ ጎማ ብቻ ሲዞር ዘንጉ የሚዞረው በግማሽ ስለሆነ፣ 39 ከሆነ 3.9፣ 41 ከሆነ 4.1፣ 43 ከሆነ 4.3 ነው። ዲፈረንሻሉ ከተለወጠ በካምቢዮው (በማርሽ ሳጥኑ) ላይ ያለው የፍጥነት መለኪያው ትንሽ ጥርስም አብሮ መለወጥ አለበት።